እናትን መጦር የአንዲት ልጅ ዕዳ ብቻ ነውን?

ጥያቄ፦ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት አገለግላለሁ። አባታችን ካረፉ በኋላ እናቴን ከደሴ አምጥቼ አዲስ አበባ፣ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አብረን እንኖራለን። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት ቢኖርባቸውም ጾም አይገድፉም፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ኪኒናቸውን በእኔ ልመና ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጣሉ። ሰሞኑን ከቀትር በኋላ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ የሚናገሩት ይጠፋባቸዋል፤ ባለፈው ሳምንትም መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቁ። እኔ ከሥራ እስክመለስ እሳቸውንም የ5 ዓመት ወንድሟንም የምትጠብቀው የ12 ዓመት ልጄ ናት። ታላቅ ወንድሜ እዚሁ ከተማ ቢኖርም «ሴት ልጅ አንቺ ነሽ፤ የእማዬን ጠባይ ከአንቺ በላይ ማን ያውቃል?» ይለኛል። እህቴ ከአሜሪካ ገንዘብ ትልካለች። ልጆቼንም እናቴንም እየበደልኩ መስሎ ይሰማኛል። ምን ይመክሩኛል?
ስሜ አይጠቀስ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የወንድምዎን ነገር ለጥቂት እናቆየውና የሚያጣድፈውን እናስቀድም። የስኳር ኪኒን በባዶ ሆዱ የዋጠ ሰው ከቀትር በኋላ ላብ ካጠመቀው፣ ንግግሩ ከጠፋበትና ከወደቀ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርጅናው ሳይሆን የደሙ ስኳር ከልክ በታች መውረዱ ነው። በተለይ ግሊቤንክላማይድ የሚባለው ኪኒን በአረጋውያን ላይ ስኳርን ዝቅ አድርጎ ለረጅም ሰዓት ሊያቆይ ስለሚችል፣ እናትዎ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ቅረቡ፤ የሚጾሙበትን ሰዓትም ሳትደብቁ ንገሩ። ኪኒኑን በራሳችሁ ፈቃድ አታቋርጡ፤ ነገር ግን እስከ ቀጠሮው ድረስ ያለ ቁርስ መዋጥ የለበትም።

ቤት ውስጥ የስኳር መለኪያ ይኑራችሁ። ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር (mg/dL) በታች ከሆነ፣ ወይም መለኪያው በሌለበት ምልክቱ ከታየ፣ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጧቸው፤ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ለኩ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም ሳትጨምሩ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ስኳሩ ከተስተካከለ በኋላም የመርሳቱ ነገር ከቀጠለ ራሱን የቻለ ምርመራ ያስፈልገዋልና «ዕድሜ ነው» ተብሎ አይታለፍ።

ስለ ጾሙ ከእናትዎ ጋር ባይከራከሩ እንመርጣለን። ዕድሜ ልካቸውን የጾሙ እናት በልጃቸው ልመና ቁርስ መብላት እንደ ሽንፈት ሊሰማቸው ይችላል፤ የንስሐ አባታቸው ቤት መጥተው «ለሕመምዎ የጾሙን ሰዓት አሳጥሬልዎታለሁ» ቢሏቸው ግን በሰላም ይቀበሉታል። ስለዚህ ሐኪሙ የሚሰጠውን ምክር ይዘው አስቀድመው የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ።

ወደ ልጅዎ እንምጣ። የ12 ዓመት ልጅ አያቷን መውደድ፣ ውኃ ማቀበልና አብራቸው መጫወት ትችላለች፤ ራሳቸውን የሳቱ አዛውንት ኃላፊነት ግን በእርሷ ትከሻ ላይ ሊወድቅ አይገባም። እናትዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ልጅቱ «ጠባቂዋ እኔ ነበርኩ» እያለች ልታድግ እንደምትችል እንሰጋለን፤ በጽሑፍዎ ውስጥ ከሁሉም በላይ ያሳሰበንም ይህ ነው። እህትዎ ከሚልኩት ገንዘብ ላይ ከቀትር በኋላ እናትዎ ዘንድ የምትቆይ አንዲት ጎልማሳ ሴት ይቅጠሩ፤ ለእህትዎም ገንዘቡ ለምን እንደዋለ በግልጽ ይንገሯቸው።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) በልጆች ላይ የጣለው የተቸገረ ወላጅን የመቀለብ ግዴታ ወንድና ሴት አይለይም። ይህን የምናነሣው ለክስ ሳይሆን፣ «ሴት ልጅ አንቺ ነሽ» የሚለው አነጋገር በሕግም በወግም መሠረት እንደሌለው እንዲያውቁ ነው። «እርዳኝ» የሚል ልመና ደግሞ ብዙ ጊዜ «እሺ» ተብሎ ይረሳል። ይልቁንስ ሥራውን ቆርጠው ይስጧቸው፦ የወሩ የሐኪም ቀጠሮና የመድኃኒት ግዢ የእርሳቸው ይሁን፤ ቅዳሜ እናታቸውን ወስደው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይመልሱ። ንግግሩም እናትዎ ባሉበት ይሁን፤ ስለ እርሳቸው ኑሮ ከጀርባቸው መወሰን እጅግ ያስከፋቸዋል። ምናልባትም አራተኛ ፎቅ መውጣትና መውረዱ ከቤተ ክርስቲያንና ከቡና ጎረቤት እንደነጠላቸው፣ ደሴ የተዉት እድርና የጽዋ ማኅበር እንደናፈቃቸው ያን ጊዜ ይነግሯችሁ ይሆናል። ወንድምዎ ምድር ቤት የሚኖሩ ከሆነ የእናትዎ መኖሪያ ራሱ መለወጥ አለበት ወይ የሚለውም አብሮ ይነሣ።

የግል ድርጅት ሠራተኛ እንደመሆንዎ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከዓመት ፈቃድ ሌላ፣ ለየት ያለና አሳሳቢ ችግር ሲገጥም በበጀት ዓመት እስከ ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት የሚደርስ ያለ ክፍያ ፈቃድ ይሰጥዎታል። የመጀመሪያውን ለሕክምናውና ሠራተኛዋን ለማለማመድ ቢጠቀሙበት መልካም ነው። ሠራተኛዋ ሥራ ስትጀምርም የስኳር አለካኩንና ስኳሩን በውኃ መበጥበጡን በእናትዎ ፊት አሳይተዋት፣ የእርስዎንና የወንድምዎን ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ ለጥፈው ይሂዱ።