ያገለገለ የማስተሪንግ መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ ባቋቋምኳት አነስተኛ ስቱዲዮ መንዙማ፣ የሰርግ ዘፈንና አልፎ አልፎም ማስታወቂያ እቀርጻለሁ። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ሳውንድ ካርድና ሁለት ሞኒተር ስፒከሮች ናቸው። ደንበኞቼ ሥራዬ ከአዲስ አበባ ከሚመጣው ጋር ሲነጻጸር ድምፁ ዝቅ እንደሚል ደጋግመው ይነግሩኛል። ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ከውጭ አገር የተመለሰ ሰው ቲሲ ኤሌክትሮኒክ ፋይናላይዘር የተባለ ያገለገለ የማስተሪንግ (ያለቀን ቅጂ የመጨረሻ ማስተካከያ) መሣሪያ ሊሸጥልኝ ፈልጓል። መሣሪያው ችግሬን ይፈታልኛልን? ስገዛውስ ምን ምን መመርመር ይገባኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፋይናላይዘር የዴንማርኩ ቲሲ ኤሌክትሮኒክ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ለገበያ ያቀረበው፣ ኢኳላይዘርን (ወፍራምና ቀጭን ድምፆችን ማመጣጠኛ)፣ ባለ ሦስት ባንድ ኮምፕረሰርን (ድምፁን በወፍራም፣ በመካከለኛና በቀጭን ክፍል ለይቶ የጮኸውን የሚያለዝብ) እና ሊሚተርን (ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታ) በአንድ ሣጥን የያዘ ዲጂታል መሣሪያ ነው። ብዙ ሰዎች የብረት ሣጥን ስለሆነ ብቻ እንደ ጥንቱ የቱዩብ መሣሪያ ለድምፅ ልዩ ሙቀት የሚሰጥ ይመስላቸዋል። በውስጡ የሚካሄደው ግን ላፕቶፕዎ ላይ ያሉት ፕላግኢኖች (የድምፅ ማስተካከያ ተጨማሪ ፕሮግራሞች) የሚሠሩት ዓይነት ስሌት ነው። ስለዚህ የሚገዙት ድምፁን ከፍ ለማድረግ ብቻ ከሆነ ባይገዙት ይሻላል፤ ገንዘቡን የክፍልዎን ግድግዳ በወፍራም ድምፅ መጣጭ ለመሸፈን ቢያውሉት ጆሮዎ የሚሰማውን የበለጠ ያምናል። በአንጻሩ በመውሊድ ወይም በሐድራ ላይ ተገኝተው ከሚክሰሩ በቀጥታ የሚቀርጹ ወይም የሚያስተላልፉ ከሆነ፣ ያለ ኮምፒውተር ድምፁን በዚያው ቅጽበት የሚያስተካክል ሣጥን እውነተኛ ጥቅም አለው።

የድምፅዎ ዝቅ ማለት መነሻ፣ እንደ እኛ ግምት፣ ድቤው ነው። በመንዙማ ውስጥ አንድ የድቤ ምት ከሙንሺዱ (ከመሪው ዘማሪ) ድምፅ በብዙ ዲሲቤል ልቆ ይወጣል፤ ዲጂታል ቅጂ ደግሞ ሊታለፍ የማይችል ጣሪያ ስላለው፣ ምቱ ጣሪያውን ሲነካ የቀረው ሁሉ ከሥር ይቀራል። ይህን ለማረም ሙሉውን ቅጂ በአንድ ተራ ኮምፕረሰር ካፈኑት፣ ድቤው በተመታ ቁጥር የሙንሺዱም ድምፅ አብሮ ይሰምጥና ተመልሶ ብቅ ይላል፤ ሰሚው ስሙን ባያውቀውም ይረብሸዋል። ባለ ሦስት ባንዱ ኮምፕረሰር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የታችኛውን ባንድ ወሰን በ150 እና በ200 ኸርዝ መካከል አድርገው፣ ሬሾውን (የማለዘቡን መጠን) 2 ለ 1 አካባቢ፣ አታኩን (ማለዘብ ለመጀመር የሚወስደውን ጊዜ) ደግሞ የምቱ ጫፍ እንዲያልፍ ዘግየት ያለ አድርገው ቢጀምሩ፣ ድቤው ለብቻው ይገራል፤ የሰው ድምፅ ግን በመካከለኛው ባንድ ብዙም ሳይነካ ይቀመጣል። በመካከለኛውና በላይኛው ባንድ ላይ ቅነሳው ከ1 ወይም ከ2 ዲሲቤል ካለፈ ጭብጨባው መጨፍለቅ፣ የተቀባዮቹም ድምፅ እርስ በርሱ መደባለቅ ይጀምራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ድቤው በራሱ ማይክ ተቀርጾ ከሆነ ሚክሱ ላይ ማስተካከል ነው፤ በማስተሪንግ ላይ የሚደረገው እርማት ምንጊዜም ሌላውን ነገር ይነካል።

ለመመርመር ወደ ደሴ ሲወጡ ላፕቶፕዎን፣ ሳውንድ ካርድዎን፣ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫና በደንብ የሚያውቁትን አንድ ቅጂ ይዘው ይሂዱ። ሻጩ መሣሪያውን አብርቶ መብራቱን ስላሳየዎት ብቻ ገንዘብ አይክፈሉ። ያረጁ የኃይል አቅርቦት ክፍሎች አንዳንድ ጊዜ ደካማነታቸውን የሚያሳዩት ከሞቁ በኋላ ስለሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት በርቶ ይቆይ፤ ሻጩ በዚህ ከተቆጣ እርሱም አንድ መልስ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምንም ድምፅ ሳያስገቡ በግራና በቀኝ በኩል ያለውን ሹክሹክታ ያወዳድሩ፤ እያንዳንዱን ማዞሪያ በዝግታ እያዞሩ ቁጥሩ የሚዘልል ወይም ወደ ኋላ የሚመለስ መሆኑን ይመልከቱ፤ ስክሪኑም በሁሉም በኩል የሚነበብ ይሁን። ቅንብርዎን (ሴቲንጉን) በመሣሪያው ላይ መዝግበው መሣሪያውን አጥፍተው ሲያበሩ ቅንብሩ ከጠፋ፣ የማስታወሻው ባትሪ አልቆ ሊሆን ይችላል። ይህን ብየዳ የሚያውቅ ቴክኒሻን ሊለውጠው ስለሚችል፣ ዋጋ ለማስቀነስ እንጂ ግዢውን ለመተው ምክንያት አይሆንም። የመጀመሪያው ሞዴል እስከ 48 ኪሎኸርዝ (በሰከንድ 48,000 የድምፅ ናሙና) ብቻ ስለሚሠራ፣ ቅጂዎችዎ በ96 ኪሎኸርዝ ከሆኑ ኋላ የወጣውን 96ኬ የተባለውን ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ።

አገናኙን በተመለከተ፣ ሳውንድ ካርድዎ ኤስፒዲፍ የተባለ የዲጂታል ድምፅ መግቢያና መውጫ ካለው በእርሱ ይጠቀሙ፤ ለዚህም ተራ የቴፕ ገመድ ሳይሆን ባለ 75 ኦም ገመድ ይፈልጉ። ከሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ ብቻ ክሎክ (የዲጂታል ድምፁን ጊዜ የሚጠብቅ ምት) ሰጪ መሆን አለበት፤ ሌላው ካልተከተለው በየመሃሉ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህን ብዙዎች የመሣሪያ ብልሽት አድርገው ይወስዱታል። ዲዘር የሚባለውን (ቢት ሲቀነስ የሚፈጠረውን መዛባት ለመሸፈን የሚጨመር በጣም ዝቅ ያለ ሹክሹክታ) ደግሞ ከ24 ወደ 16 ቢት በሚወርዱበት በመጨረሻው እርምጃ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቀሙ። ሥራው የሚከናወነው ዘፈኑ በሚፈጅበት ጊዜ ልክ ስለሆነ የ40 ደቂቃ መንዙማ 40 ደቂቃ ይወስዳል፤ በመሃል መብራት ከሄደ እንደገና ከመጀመር ሌላ አማራጭ ስለሌለ ላፕቶፑ ባትሪ ቢኖረውም ለሣጥኑ ዩፒኤስ ያስፈልገዋል።

የመጨረሻውን የድምፅ መጠን ሲወስኑ፣ ሥራው የሚደመጠው የት እንደሆነ ያስቡ። ዩቲዩብ ከ14 ሉፍስ (ጆሮ የሚሰማው የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) ኔጌቲቭ በላይ የጮኸውን ራሱ ዝቅ ስለሚያደርገው፣ እዚያ ለመጮህ ሲሉ የሚጨፈልቁት ሙዚቃ ጉዳት እንጂ ትርፍ የለውም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል በሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ከፍላሽ የሚጫወተውን ግን የሚያስተካክለው የለም፤ የደንበኞችዎ ቅሬታም ምናልባት ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ ለፍላሽ ከ3 ዲሲቤል ባልበለጠ ከፍ ያለ ሁለተኛ ቅጂ ቢያዘጋጁ አንቃወምም። የድምፅ ጥንካሬ በሉፍስ መለካት የተጀመረው ከመሣሪያው በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 በወጣ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ስለሆነ፣ መለኪያውን በላፕቶፕዎ ላይ በነጻ የሚገኝ ፕላግኢን ያድርጉ፤ የሊሚተሩንም ጣሪያ ከ1 ዲሲቤል ኔጌቲቭ አያስጠጉ፤ ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ጫፎቹ ከፍ ይላሉና።

ጥያቄ፦ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምሠራ ስሆን፣ ከአሜሪካ የመጣ፣ ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ኮምፕረሰር ገዝቻለሁ። ስታብላይዘር ይበቃዋልን?

መልስ፦ አይበቃም። የተለመደው ስታብላይዘር የሚወጣውን ኃይል በ220 ቮልት አካባቢ ስለሚያቆየው መሣሪያውን ያቃጥለዋል። የሚያስፈልግዎ ከ220 ወደ 120 ወይም 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ የሚችል ይሁን። ስታብላይዘሩን ከትራንስፎርመሩ በፊት ያስገቡት። ጽሑፉ 60 ኸርዝ ብቻ የሚል ከሆነ ግን የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የውስጡ ትራንስፎርመር ከተለመደው በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ በመጀመሪያው ቀን በየጥቂት ደቂቃው ክዳኑን በእጅዎ እየዳሰሱ ይከታተሉት።