የዛፖቴክን ቀለም ለመማር ለምትሻው ተመራቂ

ውድ እኅቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤዋለሁ። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ኬሚስትሪ ተምረሽ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። በሜክሲኮ የኦዋሃካ ግዛት ነባር ሕዝብ የሆኑት የዛፖቴክ ሸማኔዎች ማኅበር መሥርተው በዕፅዋትና በነፍሳት ቀለም ምንጣፍ እንደሚሠሩ ስታነቢ ልብሽ ሸፍቷል። እዚያ ሄደሽ መማር፣ ቀዩ ቀለም የሚገኝበትን ኮቺኒል የተባለ ነፍሳት ወደ አገር ቤት ማምጣት፣ ከዚያም በዚሁ ሙያ መተዳደር ትፈልጊያለሽ። እንግሊዝኛ ይበቃኝ እንደሆነም ጠይቀሻል።

ነፍሳቱን አታምጪ። ኮቺኒል የሚኖረው እሾሃማው የቁልቋል በለስ ላይ ነው፤ በለስ ደግሞ እኛም ዘንድ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2000 በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ዓመታት ለቀለም ንግድ ተብሎ ወደ ደቡብ ትግራይ ገብቶ ነበር። ከዚያ ከቁጥጥር ወጥቶ ተዛመተና የገበሬውን በለስ እየመጠጠ አደረቀው፤ ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት ለሰው ምግብ፣ ለከብት መኖ የሚሆነውን በለስ። በዚያ ላይ የዓለምን ገበያ በዋናነት የያዘችው ፔሩ ናት፤ ከምርቱም ብዙው የሚውለው ለምግብና ለመዋቢያ ማቅለሚያ ነው። ለሙከራ ካስፈለገሽ የደረቀውን ግዢ፤ የደረቀ አይራባም።

ወደ ሙያው ልምጣ። የምታስቢው መንደር ቴዎቲትላን ዴል ቫዬ ይመስለኛል፤ ከኦዋሃካ ከተማ በስተምሥራቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በጎችና በእግር የሚረገጠው የሽመና ዕቃ ከስፔናውያን ጋር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገቡ። ከዚያ በፊት ጥጥ ይሸመን የነበረው በወገብ ታስሮ በሚወጠር ዕቃ ነበር። ቀዩ ቀለም ከደረቀችው የኮቺኒል ሴት ይወጣል፤ ለአንድ ኪሎ የደረቀ ኮቺኒል ከ100 ሺህ በላይ ነፍሳት ያስፈልጋሉ። እዚያው ድስት ውስጥ ሎሚ ሲጨመቅ ወደ ብርቱካንማ፣ ሶዳ ሲጨመር ወደ ሐምራዊ ያደላል። ሰማያዊው ከዕፅዋት የሚወጣው ኢንዲጎ ነው፤ እዚያው ግዛት ካለችው ከኒልቴፔክ ይመጣል፤ ፈትሉ ከጋኑ ሲወጣ አረንጓዴ መስሎ አየር ሲነካው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። የዚህን ሁሉ ምክንያት አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ አሲድና አልካሊ የተማርሽው ነገር ነው።

ያልተማርሽው ማኅበሩ ለምን እንደተቋቋመ ነው። በመንደሩ ሴቶች ይፈትሉና ያባዝቱ ነበር፤ በትልቁ ዕቃ የሚሸምነው ግን ወንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1942 እስከ 1964 የሜክሲኮ ሠራተኞችን ወደ አሜሪካ ይወስድ በነበረው የብራሴሮ ውልና ከዚያም በኋላ ብዙ ወንዶች ለሥራ ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ሴቶቹ ዕቃው ላይ ተቀመጡ። ሆኖም ምንጣፉን የሚሸጠው፣ ዋጋውንም የሚቆርጠው ነጋዴ ነበር። እንደ ቪዳ ኑዌቫ ያሉ የሴቶች ማኅበራት የተነሡት ያለ ነጋዴ በቀጥታ ለመሸጥ ነው። የተፈጥሮ ቀለምም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ዋጋ የሚያስጨምር መለያ ነውና። ችግሩ፣ ለጎብኚ ኮቺኒል በመዳፋቸው አድቅቀው እያሳዩ በፋብሪካ ቀለም የተነከረ ምንጣፍ የሚሸጡም መኖራቸው ነው። ገዢው ዓይቶ አይለይም።

አንቺ እንጀራ የምታገኚው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀለም የሚነክር ሰው ሞልቷል፤ ነክሮ፣ መዝኖ፣ በፀሐይና በውኃ ፈትኖ፣ ውጤቱን በመዝገብ ይዞ «ይህ አይለቅም» ብሎ የሚፈርም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ከተመረቅሽ በኋላ መጀመሪያ በአንድ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የጥራት ሥራ ፈልጊ። ደመወዙ ላያስደስትሽ ይችላል፤ ሁለት ዓመት ግን ታገሺው። ማታ ማታ የራስሽን ናሙና ንከሪ፣ ግማሹን በካርቶን ሸፍነሽ ፀሐይ ላይ አኑሪው፣ ከሳምንታት በኋላ አነጻጽሪ። አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ እነርሱ የሚነክሩት የበግ ፀጉር ነው፣ የእኛ ሸማ ግን ጥጥ ነው። ፀጉር አሉም በተባለው ቀለም አስያዥ ጨው ብቻ ቀለሙን ይይዛል፤ ጥጥ ግን አስቀድሞ ታኒን ያለው ነገር፣ ለምሳሌ የግራር ልጣጭ፣ ይፈልጋል። ከኦዋሃካ የሚቀዳ አሠራር ለሽሮ ሜዳ ጥለት እንዳለ አይሠራም። ለመንዝ ባና ግን ይቀርባል፤ እኔ ብሆን ከዚያ እጀምር ነበር።

መሄዱን አልቃወምም። ቀለም አነካከር በክፍያ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች በመንደሩ አሉ፤ እንደ ተማሪ ከፍለሽ ግቢ እንጂ በአጥኚ ስም በነፃ ዕውቀት ለመሰብሰብ አትሂጂ። ንድፋቸውንም ቀድተሽ አትሽጪ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የሜክሲኮ የባህል ሚኒስቴር የኦዋሃካን ማኅበረሰቦች ንድፍ ያለ ፈቃድ ተጠቅመዋል ያላቸውን ዓለም አቀፍ የልብስ ድርጅቶች በይፋ ወቅሷል። ጉዳዩ እዚያ ቀልድ አይደለም።

እንግሊዝኛ አይበቃሽም። በመንደሩ እርስ በርስ የሚነጋገሩት በዛፖቴክ ነው፤ ከእንግዳ ጋር በስፓኒሽኛ። ስፓኒሽኛን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ስለ ቪዛው አዲስ አበባ ያለውን የሜክሲኮ ኤምባሲ ጠይቂ፤ ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ደግሞ ለማኅበሩ ጽፈሽ እንደሚቀበሉሽ አረጋግጪ።