ከባኮሎድ ምን ይዘን እንመለስ? ስለ ፊሊፒንስ የጣፋጭ ሱቆች ጥያቄና መልስ

ፊሊፒንስ ውስጥ መንገድ ሄዶ የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ቤቱ አይገባም። ለልጆቹ፣ ለጎረቤቱና ለሥራ ባልደረቦቹ የሚበላ ነገር ይይዛል። ይህን የመንገድ ስጦታ ፓሳሉቦንግ ይሉታል። እኔ የምኖረው ኔግሮስ ደሴት ላይ፣ ባኮሎድ ከተማ ነው። ሱቆቹን በደንብ ስለማውቃቸው ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች እነሆ።

ከዱባይ ነው የምጽፍልሽ። አብራኝ የምትሠራ ፊሊፒናዊት ከእረፍት ስትመለስ ስስ፣ ክብ፣ ውስጡ ቡናማ ስኳር ያለው ነገር ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ሰሊጥ አለው። ምን ይባላል?

ፒያያ ነው እህቴ። የዚህ አካባቢ ልዩ መለያ እሱ ነው። እርሾ የሌለው የስንዴ ሊጥ ውስጥ ሙስኮቫዶ የሚባል ስኳር ይከታሉ። ከዚያ ይዳምጡትና ሰሊጥ ነስንሰውበት ምጣድ ላይ ያበስሉታል። ትንሽ ቂጣ ይመስላል። ሙስኮቫዶ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ፣ ሳይጣራ የሚደርቅ ስኳር ነው። ጥቁሩ ሽሮፕ ከውስጡ ስለማይወጣ ጠቆር ይላል፤ ጣዕሙም ከነጩ ስኳር የጠለቀ ነው። የቀረሽ ካለ በደረቅ መጥበሻ፣ ለስለስ ባለ እሳት አሙቂው። ስኳሩ መልሶ ሲለሰልስ ሌላ ነገር ይሆናል። ብቻ ወዲያው አትንከሺው፣ የጋለ ስኳር ምላስ ይልጣል።

ለምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጣፋጭ ባኮሎድ የተሰበሰበው?

በስኳሩ ምክንያት። ከፊሊፒንስ ስኳር ከግማሽ በላይ የሚመረተው ኔግሮስ ላይ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ ደሴቱ በትልልቅ የአገዳ እርሻዎች ተሸፈነ። ባለርስቶቹ ሀብታም ሆኑ፣ ቤታቸው ውስጥ የስፔን ዓይነት ኬክና ብስኩት መጋገር ተለመደ። ስኳሩ ደጅ ላይ ነው፣ ሙያውም አለ። ባኮሎድ አጠገብ ያለችው ሲላይ ከተማ ውስጥ ኤል ኢዴያል የሚባል ዳቦ ቤት አለ። ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየሠራ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ሲላይ ስለሆነ ስትመጡም ስትሄዱም ጎራ ማለት ትችላላችሁ። ትልልቅ የዘይቱን (ጓቫ) ፍሬ በፖም ፋንታ አስገብተው የሚጋግሩትን ጓፕል ፓይ እዚያ ፈልጉ።

የአገዳ ቆራጮቹ ታሪክ ግን ጣፋጭ አይደለም። በመከርና በመከር መካከል ሥራ የሚጠፋበት ወራት አለ፤ «የሞተው ጊዜ» ይሉታል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዓለም የስኳር ዋጋ ሲወድቅ እርሻዎቹ ሥራ አቆሙ፣ የሠራተኞቹ ልጆች ተራቡ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍበት የማስካራ ፌስቲቫል የተጀመረው በዚያው ክፉ ጊዜ፣ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ነው። በሚያዝያ ወር ዶን ሁዋን የተባለች መርከብ ሰጥማ ብዙ የከተማው ሰው አልቆ ነበር። ሕዝቡ በጥቅምት የሚስቅ ጭምብል አድርጎ አደባባይ ወጣ። ይህን የምጽፈው ፒያያውን የምትበሉ ሰዎች አገዳውን ማን እንደቆረጠው እንድታውቁልኝ ስለምፈልግ ነው።

ሱቁ ውስጥ ስገባ ከምን ልጀምር? ሁሉም ካርቶን አንድ ዓይነት ነው የሚመስለኝ።

ከቀኑ ጀምር። የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን አንብብ፣ ካልታየህ ሻጯን ጠይቅ። እንደ ቦንግ ቦንግስና መርሲ ያሉት ታዋቂ ሱቆች ዋጋቸው የተለጠፈ ነው፣ ክርክር የለም። አንድ ትልቅና ውድ ካርቶን ከመግዛት ብዙ ትንንሽ እሽጎች ይሻላሉ። ፓሳሉቦንግ የሚከፋፈል ነገር ነው፤ ሰው የሚያየው እንዳልተረሳ እንጂ ዋጋውን አይደለም። ስትወጣ «ሳላማት ጊድ» በል። በኢሎንጎዎቹ፣ ማለትም በዚህ አካባቢ ሰዎች ቋንቋ፣ በጣም አመሰግናለሁ ማለት ነው፣ ደስ ይላቸዋል።

አዲስ አበባ እስኪደርስ የማይበላሽ የቱ ነው?

ናፖሊዮኔስ አትሞክሪ። በክሬም የተሞላ፣ ላዩ በስኳር የተቀባ ስስ ድርብርብ ነው፤ እዚሁ ቁጭ ብለሽ የምትበይው። ፒያያ፣ በተርስኮች የሚባለው የቅቤና የስኳር ጣፋጭ፣ የደረቀ ማንጎ መንገድ ይችላሉ። ባርኪሎስ አይበላሽም ግን ይሰበራል። እንደ ወረቀት የሳሳ ጥቅልል ብስኩት ስለሆነ በእጅ ሻንጣ ያዢው፣ ምንም አትደርቢበት።

የጾም አለ?

አለ፣ ግን መምረጥ ይፈልጋል። ብስኩቱ አብዛኛው ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል አለው። ዱልሴ ጋታስ ጭራሽ ከጎሽ ወተት የሚሠራ ከረሜላ ነው። ፒናሱግቦ ግን ሙዝ፣ ዘይት፣ ስኳርና ሰሊጥ ነው። ሙዙን በስሱ ቆርጠው ይጠብሱትና ስኳር ያለብሱታል። የደረቀ ማንጎም ችግር የለውም። ቦሆል ደሴት ከደረስሽ ካላማይ አለ፤ ከሩዝ፣ ከኮኮናት ወተትና ከቡናማ ስኳር የሚሠራ፣ በኮኮናት ቅርፊት የሚታሸግ።

እኔ ሙስሊም ነኝ። ምን ልጠንቀቅ?

የአሳማ ስብ። በድሮው አሠራር ፒያያን ጨምሮ ብዙ ጣፋጮች በሱ ነበር የሚሠሩት። አሁን የአትክልት ስብ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው፤ ቢሆንም እሽጉ ላይ የሐላል ምልክት ፈልግ፣ ከሌለ ጠይቅ። የስቡ ጥንቃቄ ለጾመኞቹም ይሠራል።

ወደ ኢሎይሎ ብሻገር የተለየ ነገር አገኛለሁ?

ባሕሩን በፈጣን ጀልባ መሻገር ነው፣ ሩቅ አይደለም። ቢስኮቾ ግዛ። ዳቦ ቆርጠው ቅቤና ስኳር ቀብተው እንደገና ጋግረው ያደርቁታል። ሃሮ ሰፈር ያለው ቢስኮቾ ሃውስ በዚሁ የታወቀ ነው። ከቡና ጋር ከቢስኮቾ የሚስተካከል አላገኘሁም።

ባጊዮ ነው የምሄደው፣ ባኮሎድ አልደርስም።

እዚያ የጉድ ሼፐርድ መነኮሳት የሚሸጡትን የኡቤ ማርማላታ ውሰድ፤ ወይን ጠጅ ቀለም ካለው የስራስር ተክል ነው የሚሠራው። ገቢው የተራራውን አካባቢ ወጣቶች ያስተምራል። በእጅ ሻንጣ ግን አታስገባው፣ ፍተሻ ላይ ይቀራል።

እጮኛዬ የባኮሎድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ ስመጣ ቤተሰቦቿን እንዳላሳፍራት ማኒላ ላይ ፒያያ ገዝቼ ልግባ?

ወንድሜ፣ ለባኮሎድ ሰው ፒያያ አትውሰድ። እነሱ የሚጠብቁት አንተ ከመጣህበት አገር ነው። የተቆላ ቡና፣ ዳቦ ቆሎና ሱፍ ያዝ። በትንንሽ ፌስታል ከፋፍለህ እሰረው፤ አክስቶቿና ጎረቤቶቹም ይመጣሉ፣ ለእነሱም ይድረስ። የመጀመሪያውን ለእናቷ በእጅህ ስጣት።