አራት ገጽ ጽፌ ለምን 9 ከ20?

«ደብረ ብርሃን የምማር የ11ኛ ክፍል የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለታሪክና ለጂኦግራፊ ሦስት ሦስት ደብተር ኖት ጽፌያለሁ። የዓድዋ ጦርነት መንስኤዎችን አብራሩ ተብለን አራት ገጽ ሙሉ ጽፌ 9 ከ20 አገኘሁ፤ አንድ ገጽ ተኩል የጻፈች ጓደኛዬ 16 አገኘች። መምህሩ ‹ሀተታ በዝቷል› ብለው ብቻ መለሱልኝ። ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ከሆነ ጽሑፍ መለማመድ ምን ያደርግልኛል? ወጪዬን ችለው የሚያስተምሩኝ አጎቴ ‹ታሪክ እንጀራ አይሆንም፣ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ዙሪ› ይላሉ። ቴሌግራም ላይ የሚሸጠውን አጭር ኖት ልግዛ? የእጅ ጽሑፌም አያምርም።»

እህቴ፣ የእጅ ጽሑፍሽ ከተነበበ ይበቃል። የቴሌግራሙን ኖት አትግዢ፤ የሚጠቅመው ያዘጋጀውን ሰው ነው፣ አንቺን አይደለም። ገንዘቡ ካለሽ አሮጌ አትላስ ግዢበት።

ዋናው ችግርሽ ሦስቱ ደብተር ነው። መጽሐፉን በእጅሽ ገልብጠሻል እንጂ አላጠናሽም። ስትገለብጪ እጅ ይሠራል፣ አእምሮ ያርፋል፤ ያነበብሽውን ሳታዪ ለማስታወስ አንድ ጊዜም አልሞከርሽም። ስለዚህ ፈተና ላይ የሚወጣልሽ በመጽሐፉ ቅደም ተከተል ነው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ወረቀትሽን ባላየውም አራት ገጽ የሚሞላው በምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምኒልክ ነገሡ፣ ውጫሌ ተፈረመ፣ ከዚያ ሁለት ገጽ ጦር ሜዳው፤ የኢጣሊያ ጄኔራሎቹ አልቤርቶኔ በየት መጣ፣ ዳቦርሚዳ የት ተከበበ፣ ባራቲየሪ እንዴት ሸሸ። ይህ ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። የተጠየቅሽው ግን ጦርነቱ ለምን ተነሣ ነው፤ ስለ ውጊያው የተጻፈው ሁለት ገጽ አንድ ማርክም አያስገኝም።

ከዛሬ ጀምሮ ለአንድ ርዕስ ግማሽ ገጽ ብቻ ይኑርሽ። አናቱ ላይ ርዕስ ሳይሆን ጥያቄ ጻፊ፤ «የዓድዋ ጦርነት» ሳይሆን «ኢትዮጵያና ኢጣሊያ ለምን ተዋጉ?»። ምዕራፉን እስክሪብቶ ሳትይዢ አንድ ጊዜ አንብቢ፣ መጽሐፉን ዝጊ፣ ያስታወስሽውን ጻፊ። ከዚያ መጽሐፉን ከፍተሽ የጎደለውንና የተሳሳተውን በቀይ አርሚ። ደግመሽ የምታጠኚው ቀዩን ነው። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከፈተናው በፊት ጥያቄውን ብቻ እያየሽ፣ ሌላውን በእጅሽ ሸፍነሽ መልሺ።

ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈይው። በግራ ማስረጃው፣ በቀኝ «ስለዚህ ምን ሆነ» ይጻፍ። ለዓድዋ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ እንዲህ ይመጣል፦ 1869 የስዊዝ ቦይ ተከፈተ፤ ስለዚህ የቀይ ባሕር ዳርቻ ዋጋው ጨመረ፣ በዚያው ዓመት አንድ የኢጣሊያ የመርከብ ኩባንያ አሰብ ላይ መሬት ገዛ። 1882 የኢጣሊያ መንግሥት ራሱ ተረከበው፣ 1885 ምጽዋን ያዘ፤ ስለዚህ ወደ ደጋው መውጣት ጀመረና 1887 ዶጋሊ ላይ ከራስ አሉላ ጦር ጋር ተጋጨ። 1889 የውጫሌ ውል፤ ኢጣሊያ በአንቀጽ 17 ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት አለች፣ ምኒልክ በ1893 ውሉን አፈረሱ። 1895 የኢጣሊያ ጦር ትግራይ ገባ፤ ይህ የቅርቡ መንስኤ ነው።

ብዙ ተማሪ «መንስኤው አንቀጽ 17 ነው» ብሎ እዚያው ያቆማል። ውሉ ከተፈረመ እስከ ውጊያው ሰባት ዓመት ገደማ አለ፤ ያንን ያላስረዳ መልስ ግማሽ መልስ ነው።

የዘመን አቆጣጠሩንም ለይተሽ ያዢ፣ ብዙ ወረቀት የሚበላሸው በእሱ ነው። መጽሐፋችሁ የእንግሊዝኛ ስለሆነ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጽፋል፣ ቤት የምትሰሚው ግን በእኛ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያኑ ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ከዓድዋ በፊት የነበረው የአምባላጌ ውጊያ ኅዳር 1888 ነው፣ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888፤ በእነሱ ግን አንዱ 1895፣ ሌላው 1896 ይሆናል። ደብተርሽ ላይ አንዱን ምረጪና ሌላውን በቅንፍ ጻፊ።

ፈተናው 40 ደቂቃ ከሆነ የመጀመሪያውን 5 ደቂቃ አትጻፊበት። የጥያቄውን ትእዛዝ አስምሪበት፤ «ዲስክራይብ» ከሆነ ምን እንደሚመስል ትገልጫለሽ፣ «ኤክስፕሌይን» ከሆነ ለምን እንደሆነ ታሳያለሽ፣ «ኮምፔር» ከሆነ ሁለቱን በየነጥቡ ጎን ለጎን ታስኬጃለሽ እንጂ አንዱን ጨርሰሽ ወደ ሌላው አትሄጂም። ከዚያ ሦስት መንስኤ በሦስት መስመር በረቂቅ ጻፊ። መግቢያው ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፣ መልሱም እዚያው ይታይ። ቀጥሎ ለአንድ መንስኤ አንድ አንቀጽ፦ መጀመሪያ መንስኤውን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ ሁለት ማስረጃ ከነዓመቱ፣ መጨረሻ ይህ እንዴት ወደ ጦርነት እንደገፋ። መዝጊያው ላይ ከሦስቱ የትኛው እንደሚከብድና ለምን እንደሆነ ወስኚ። አምስት ደቂቃ ለማረሚያ አስቀሪ። ይህ ሲጻፍ ከአንድ ገጽ ተኩል ብዙ አይበልጥም፤ የጓደኛሽ ወረቀትም እንዲህ ያለ ሳይሆን አይቀርም።

ምርጫ ፈተና ላይ ይህ ምን ያደርጋል ብለሻል። ምርጫ ላይ የሚያሳስተው ሁልጊዜ ውሸት የሆነው ፊደል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ የተጠየቀውን የማይመልሰው ነው። «የቅርብ መንስኤው የቱ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ የስዊዝ ቦይም አንቀጽ 17ም ተደርድረው ይመጣሉ። ሁሉንም የሸመደደ ተማሪ ሁሉም ትክክል ይመስለዋል።

ጂኦግራፊ ላይ ደግሞ ከዓረፍተ ነገር ይልቅ ሥዕል ኖት ይሁንሽ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር አቁሚ፤ 500፣ 1,500፣ 2,300፣ 3,200 ሜትር ላይ ምልክት አድርጊ፤ ከታች ወደ ላይ በረሃ፣ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። (መጽሐፍሽ ትንሽ የተለየ ቁጥር ካለው የእሱን ያዢ።) በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 አካባቢ፤ የ1,600 ሜትር ልዩነት 10 ዲግሪ ያህል ነው። ይህን ካወቅሽ ገብስ ለምን እናንተ ዘንድ፣ ማሽላ ለምን እዚያ እንደሚበቅል ሳትሸመድጂ ታብራሪያለሽ። ካርታ ላይ 1፡50,000 ካየሽ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ ስፋት ሲጠየቅ ግን 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 4 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ 2 አይደለም። ተማሪው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

አጎትሽ። የሚከፍሉት እሳቸው ስለሆኑ በአክብሮት አዳምጪያቸው፤ ፈተናው ላይ የምትቀመጪው ግን አንቺ ነሽ። ፊዚክስ የማትወድ ልጅ በዘመድ ግፊት ፊዚክስ ተምራ ብትወድቅ ያወጡት ገንዘብ አይመለስላቸውም። ማኅበራዊ ሳይንስ ደግሞ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ሕግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት በዚያው በር ነው የሚገባባቸው። ግማሽ እውነት ግን አላቸው፤ በታሪክ ዲግሪ ብቻ ወጥቶ ከመምህርነት ውጭ ሥራ ማግኘት ከባድ ነው፣ የመምህር ደመወዝም የሚታወቅ ነው። ዕድሜዬን ከመሬት አስተዳደር ሪፖርትና ካርታ ጋር ስላሳለፍኩ ይሆናል፣ እኔ የማጋድለው ወደ ጂኦግራፊ ነው። መሬት፣ ከተማ ፕላን፣ ውኃ፣ አደጋ መከላከል፣ ሁሉም ካርታ የሚሠራና ከካርታው ሥር ሁለት ገጽ የተስተካከለ ማብራሪያ የሚጽፍ ሰው ይፈልጋሉ። ካርታ ሠሪው አይጠፋም፤ ማብራሪያውን የሚጽፈው ነው የሚቸግረው።

ክረምት ላይ ኮምፒውተር የምታገኚበት ቦታ ካለ ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ጫኚበት፤ ነፃ ነው። የሰሜን ሸዋን ወረዳዎች ከፍታ በቀለም ለይተሽ አንድ ካርታ ሥሪ፣ ከሥሩ የት ምን እንደሚዘራና ለምን እንደሆነ ግማሽ ገጽ ጻፊበት። አጎትሽ ጋር ስትነጋገሩ እሱን ይዘሽ ቅረቢ።