መልስ፦ ሸክላው ለምን ይዘገያል? አስቀድሜ ልዘዝ ወይስ ልጠብቅ?

አልበሙ ኢንተርኔት ላይ ከወጣ በኋላ ሸክላው (በማጫወቻ የሚደመጠው የሙዚቃ ዲስክ) ወራት የሚዘገየው ለምንድን ነው ላልከው፣ ጥፋቱ የሙዚቃ ቤቱ አይደለም። ሸክላ ረጅም ሥራ አለው፤ ድምፁ መጀመሪያ ላከር የሚባል ለስላሳ ሽፋን በተቀባ ዲስክ ላይ ይቀረጻል፣ ከዚያ የኒኬል ማተሚያ ይወጣለታል፣ ለሙከራ ጥቂት ቅጂ ታትሞ ይደመጣል። በሙከራው ላይ ኮሽታ ከተሰማ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል። በበኩሌ ለዚህ ሲባል ቢዘገይ ይሻለኛል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ በብዙ አገሮች አዲስ አልበም የሚወጣው ዓርብ ነው። ዋዜማውን ሐሙስ ለሚሸጥልህ ሱቅ ደውለህ ሸክላው መግባቱን ጠይቅ።

በውስን ቅጂ የሚታተም ከሆነ አሁኑኑ እዘዝ፤ ካለቀ ድጋሚ ላይታተም ይችላል። መደበኛ ሕትመት ከሆነ ግን አትቸኩል፤ ቀድመው የገዙት ስለ ድምፁ ጥራት የሚሉትን ስማና ግዛ።