ዘላይ ዲኤንኤ፦ ለድሬ ጠያቂዎች መልስ

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ አቦ፣ እነዚህ ዘላዮች፣ ማለትም በዲኤንኤያችን ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘሉ ቁራጮች፣ ከነበሩበት ተቆርጠው ነው የሚሄዱት?

መልስ፦ በሰው ላይ ዛሬም የሚሠሩት አይቆረጡም፤ ይባዛሉ። ዋናው ፎቶኮፒ እንደሚነሳ ሰነድ እዚያው ይቀራል፣ ቅጂው ሌላ ቦታ ይገባል። ተቆርጠው የሚዘሉትም ከጂኖማችን (ከሙሉው ዲኤንኤያችን) 3 በመቶ ያህል ናቸው፤ ግን ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል።

ጥያቄ (ከዚራ)፦ ቅጂው እንዴት ይገባል?

መልስ፦ ዛሬም ከሚባዙት ዘላዮች አንዱን፣ ላይን-ዋንን እንያዝ፤ ሙሉው 6,000 የዲኤንኤ ፊደል (ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ) ያህል ነው። መጀመሪያ ወደ አርኤንኤ (ጊዜያዊ የመልእክት ቅጂ) ይገለበጣል፣ አርኤንኤው ከኒውክሊየስ ወጥቶ ሁለት ፕሮቲኖች ያሠራል፣ እነሱም እዚያው አርኤንኤ ላይ ተጣብቀው አብረው ይመለሳሉ። ሁለተኛው ፕሮቲን መቀስም ብዕርም ነው። ቲቲቲቲኤኤ በሚመስል ቦታ፣ በቲና በኤ መካከል፣ የዲኤንኤውን አንድ ክር ይቆርጣል። ነፃ የወጣው የቲ ጫፍ ከአርኤንኤው የኤ ጭራ ጋር ይገጥማል፤ ኢንዛይሙም ከዚያ ጫፍ ተነስቶ አርኤንኤውን እያነበበ ዲኤንኤ ይጽፋል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ኤችአይቪ ዲኤንኤውን ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ኢንቴግሬዝ በሚባል ኢንዛይም ይሰካል፤ ላይን-ዋን ግን የሚጽፈው እዚያው በሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ሌላኛው ክር ትንሽ ፈንጠር ብሎ ስለሚቆረጥ፣ ክፍተቱ ሲሞላ ከ7 እስከ 20 ፊደል በግራና በቀኝ ይደገማል። ድግግሞሹንና የኤ ጭራውን አንድ ላይ ካያችሁ አሻራው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሁሌ ይሳካል?

መልስ፦ ኧረ አይሳካም። ጽሕፈቱ ከጭራ ስለሚጀምር መሃል ላይ ሲቋረጥ የሚጎድለው የፊት ጫፉ ነው፤ መገልበጡን የሚያስጀምረው ማስነሻም ያለው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከ500,000 ገደማ ቅጂዎች በአንድ ሰው ውስጥ መባዛት የሚችሉት ከ80 እስከ 100 ቢሆኑ ነው።

ጥያቄ (ገንደ ቆሬ)፦ “አሉ” የሚባለውስ?

መልስ፦ ስሙ ነው እንጂ አሉባልታ አይደለም! ሌላ አጭር ዘላይ ነው፤ 300 ፊደል ያህል ነው፣ ከሚሊዮን በላይ ቅጂ አለው። የራሱ ፕሮቲን የለውም፤ የላይን-ዋንን ማሽን ተውሶ ይገባል።

ጥያቄ፦ በሽታ ያመጣል?

መልስ፦ ጂን መሃል ከገባ፣ አዎ። በ1988 በሁለት የሄሞፊሊያ ኤ (ደም በቀላሉ የማይረጋበት በሽታ) ሕሙማን ፋክተር 8 በሚባለው የደም ማርጊያ ጂን ውስጥ ላይን-ዋን ገብቶ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ በፒሲአር (ዲኤንኤን በማሽን በማባዛት) አሉን ስንፈልግ፣ ከአንዱ ወላጅ አሉ ያለበትን ከሌላው የሌለበትን የወረሰ፣ ሁለት መስመር ሊወጣ የሚገባው ናሙና ጄሉ ላይ አንድ ብቻ ያሳየናል።

መልስ፦ አሉ የሌለበት 400 ፊደል ከሆነ ያለበት 700 ይሆናል፤ አጭሩ ቶሎ ስለሚባዛ ረጅሙን ይውጠዋል። ኢንዛይሙ ዲኤንኤ የሚጽፍበትን የ72 ዲግሪ ደረጃ ወደ 1 ደቂቃ አርዝሙት፣ የተሰባበረ ዲኤንኤ አትጠቀሙ፣ ጄሉን 2 በመቶ አድርጉት። ፕራይመሩን (መባዛቱ የሚጀምርበትን አጭር ዲኤንኤ) አሉ ውስጥ አታስቀምጡ፤ ሚሊዮን ቦታ ይይዛል። ድብልቁንም በድሬ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ አትተዉት፤ ማሽኑ እስኪሞቅ በረዶ ላይ ይቆይ፣ አለዚያ ኢንዛይሙ ቀድሞ ያልታዘዘውን መጻፍ ይጀምራል።