ሰማያዊዎቹ ሊቃውንት እንጀራ ይሆኑኛል ወይ?

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ለንደን ታሪክ ተምረሽ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ። ብሪቲሽ ሙዚየም ክፍል 95 ገብተሽ በጥንታዊ የቻይና ሰማያዊና ነጭ ፖርሴሊን (ስስ የሸክላ ዕቃ) ላይ የተሳሉትን ባለ ረጅም ቀሚስ ምሁራን ካየሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። እናትሽ ግን «ይሄ እንጀራ ይሆናል?» ይሉሻል።

ይሆናል። ሙዚየም፣ ጨረታ ቤት፣ የጥንት ዕቃ ነጋዴ፣ የጥገና ክፍል፣ ሁሉም ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ቦታው ጥቂት፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ደግሞ ትንሽ ነው። ይህን አውቀሽ ግቢ።

ብዙ ሰው ሥዕሉን አይቶ «ደስ የሚሉ ሽማግሌ» ብሎ ያልፋል። አንቺ አትለፊ። አጠገባቸው የክሪሳንተመም አበባ ካለ፣ ሹመቱን ትቶ ወደ ገጠሩ የተመለሰው ባለቅኔ ታኦ ዩዋንሚንግ ሊሆን ይችላል። የሎተስ አበባ ከሆነ ፈላስፋውን ዦው ዱንዪን አስቢ፤ ዝይ ከሆነ የቁም ጽሕፈቱን ሊቅ ዋንግ ሺዢን። ከኋላ የሚከተለው ልጅ በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ከታቀፈ፣ ቺን የሚባለው ባለ ሰባት ክር መሣሪያ ነው።

እነዚህ ምሁራን ዕቃው ላይ ለምን በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ በዙ? የቻይናው ንጉሠ ነገሥት ዋንሊ በ1620 ሲሞት የቤተ መንግሥቱ ትእዛዝ ቀነሰ። ፖርሴሊን የሚሠራባት የጂንግደዠን ከተማ ሠሪዎች ፊታቸውን ወደ ተማረውና ወደ ሀብታሙ ሸማች አዞሩ። ሸማቹ ደግሞ ራሱን፣ ወይም ሊሆን የሚመኘውን ሰው፣ ዕቃው ላይ ማየት ይወድ ነበር። እኔ ብሆን የመመረቂያ ጽሑፌን እዚህ ላይ እሠራ ነበር።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከዕቃው ሥር የተጻፈውን የንጉሥ ስም ቶሎ አትመኚ። በንጉሠ ነገሥት ካንግሺ ዘመን (1661–1722) ተሠርተው ከሱ ቀድሞ የነበረው የንጉሠ ነገሥት ቼንግኋ (1465–1487) ምልክት የተጻፈባቸው ዕቃዎች ሞልተዋል። ዘመኑን ከሰማያዊው ቀለም፣ ከአሣሣሉና መስታወት መሰሉ ሽፋን ካልተቀባው የእግሩ ጠርዝ ታነቢዋለሽ። ይህ ደግሞ በፎቶ አይለመድም፤ እጅ ይፈልጋል። ጨረታ ቤቶች ከሽያጭ በፊት ዕቃውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ሂጂ። ቀለበትና አምባርሽን አውልቂ፣ አስፈቅጂ፣ ከጠረጴዛው ሳትርቂ በሁለት እጅ ያዢ። ሶአስ (የለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት) ስለ እስያ ጥበብ የሚሰጠውንም ትምህርት ጠይቂ። ቻይንኛውን ግን ዛሬውኑ ጀምሪ፤ ከሁሉም ይበልጥ ጊዜ የሚበላው እሱ ነው።

ለእናትሽ ደግሞ ቡና ሲቀዱ ንገሪያቸው። «ሲኒ» የምንለው ቃል በዓረብኛ «ቻይናዊ» ማለት ነው። ነገሩ ከቤታችን ያን ያህል አይርቅም።

እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍል 95 ተመልሰሽ አንድ ዕቃ ብቻ ምረጪ። አንድ ሰዓት ተቀምጠሽ ያየሽውን በሙሉ ጻፊና ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።